በሞተር ሳይክል ስፖኪዮ ላይ ፍሬቻ በራስ ሠርቶ መግጠም፦ ከሽቦ ልኬት እስከ መጨረሻው ፍተሻ

ስፖኪዮ ላይ ፍሬቻ ሠርተው የገጠሙ ሞተረኞች የሚያነሱት ችግር ተመሳሳይ ነው። አንዱ ጎን በርቶ ሌላው አይበራም። መጀመሪያ ደምቆ የነበረው ቀስ በቀስ ይፈዛል። ዝናብ በመታው ማግስት ጭራሽ ይጠፋል። ወይም ግራው ሲከፈት ቀኙም አብሮ ብልጭ ይላል። ጥፋቱ ከመብራቶቹ የሚሆነው ጥቂት ጊዜ ነው። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሽቦው ሳይለካ መቀጠሉ፣ ሬዚስተሩ (የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚገድበው ዕቃ) በ12 ቮልት መሰላቱ፣ ወይም ስፖኪዮው በሚታጠፍበት ቦታ ሽቦው መወጠሩ ነው። ስለዚህ በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ሥሩ።

መመሪያው 12 ቮልት ባትሪ ላላቸው፣ በየከተማው ለምናያቸው ከ100 እስከ 200 ሲሲ ሞተሮች ነው። የእናንተ ሞተር በ6 ቮልት የሚሠራ አሮጌ ሞዴል ከሆነ እዚህ ያለው ስሌት አይሆንላችሁም።

ሳትጀምሩ የምትወስኗቸው ነገሮች

የፋብሪካውን ፍሬቻ አትንቀሉ። ስፖኪዮ ላይ የምትገጥሙት ተጨማሪ ነው፤ ወደ ፊት ብቻ ስለሚታይ ከኋላ ለሚመጣ መኪና ምንም አይነግረውም። ዓመታዊ ምርመራ ላይም የፊትና የኋላ ፍሬቻ መሥራቱ ይታያል። ሌላ ቴክኒካዊ ምክንያትም አለ፦ ብልጭታውን የሚሰጠው ፍላሸር የተሠራው ለፋብሪካው አምፖሎች ጭነት ነው። አምፖሎቹ ከወጡ የብልጭታው ፍጥነት ይዛባል፤ ወይም ፍላሸሩ መሥራት ያቆማል።

ቀለሙ ብርቱካናማ ቢጫ ብቻ ይሁን። ነጭ ከፊት መብራት ጋር ይምታታል፤ ሰማያዊ የአደጋ ጊዜ መኪና ያስመስላል፤ ቀይ ወደ ፊት ፈጽሞ አይበራም።

መስታወቱን አትብሱ። የስፖኪዮውን ዘንግም አትብሱ፤ የተበሳ ዘንግ በንዝረት ቀዳዳው ላይ ይሰበራል። እዚህ የምንሠራው ለብቻው የተዘጋጀ ቀጭን መብራት ነው፤ እሱ የስፖኪዮው ጀርባ ላይ፣ ማለትም ከፊት ለሚመጣው በሚታየው ፕላስቲክ ላይ ይለጠፋል።

የሚያስፈልጋችሁ

ለሁለቱም ስፖኪዮዎች፦

- ባለ 5 ሚሊ ሜትር ብርቱካናማ ኤልኢዲ 18፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ 4። ራሱ ባለ ቀለም ከሆነው ይልቅ ውሃ የመሰለ ጥርት ያለ ራስ ያለውንና «ከፍተኛ ብርሃን» የሚባለውን ምረጡ። ባለ ቀለሙ ቀን ላይ በፀሐይ አይታይም።
- 470 ኦም ሬዚስተር፣ ግማሽ ዋት፣ 6። ባለ አራት መስመር ከሆነ ቀለሙ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቡናማ፣ ከዚያ ወርቃማ ነው።
- 1ኤን4007 ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ 2።
- በሽቦ መሐል የሚገባ የፊውዝ መያዣ ከ1 አምፔር ፊውዝ ጋር፣ 2። መለዋወጫ ፊውዝም ጨምሩ።
- ብዙ ክር ያለው ለስላሳ ሽቦ፣ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ በሁለት ቀለም ከእያንዳንዱ 3 ሜትር።
- ባለ ሁለት እግር ማገናኛ ሶኬት፣ ወንድና ሴት፣ 2 ጥንድ።
- ግድግዳ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሸፈንበት ባለ 16 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቦይ፣ 20 ሴንቲ ሜትር።
- ጥርት ያለ ባለ ሁለት ቱቦ ኢፖክሲ፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያ፣ የወረቀት ፕላስተር፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ አልኮል።
- መሃሉ ሙጫ ያለው ቀጭን ስታኞ። ለቧንቧና ለቆርቆሮ የሚሆነውን በአሲድ የሚበየድ አትጠቀሙ፤ አሲዱ ሽቦውን ውስጥ ውስጡን ይበላዋል።

መሣሪያ፦ የስታኞ መበየጃ፣ ቴስተር፣ ትራፓኖ ከባለ 2 እና ባለ 5 ሚሊ ሜትር መብሻ ጋር፣ ፒንሳ፣ መቁረጫ፣ ካቻቢቴ፣ የስፖኪዮውን ዳዶ የሚፈታ ቁልፍ (ብዙ ጊዜ 14 ወይም 17 ቁጥር)።

አንድ ክር ብቻ ያለው የቤት ኤሌክትሪክ ሽቦ ቢኖራችሁም አታስገቡት። እዚህ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ስለሆነ የሽቦው ውፍረት አያሳስብም፤ የሚያሳስበው ንዝረት ነው። ባለ አንድ ክር ሽቦ ኮረኮንች መንገድ ላይ ይቀነጠሳል።

ደረጃ 1፦ ሞተሩን መጀመሪያ መርምሩ

1. ቁልፉን ክፈቱና ፍሬቻውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አብሩ። አራቱም አምፖሎች መሥራት አለባቸው። ብልጭታውን ለአንድ ደቂቃ ቁጠሩ፤ ከ60 እስከ 120 መካከል ከሆነ ጤነኛ ነው። የተቃጠለ አምፖል ካለ አሁኑኑ ቀይሩ። በኋላ ችግር ሲመጣ ከየት እንደመጣ እንዳይምታታባችሁ ነው።
2. ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪውን በቴስተር ለኩ። በደንብ የተሞላ ባትሪ ከ12.4 እስከ 12.7 ቮልት ያሳያል።
3. ሞተሩን አስነሱ፤ የነዳጅ መስጫውን ትንሽ አዙራችሁ እንደገና ለኩ። ከ13.8 እስከ 14.5 መካከል መሆን አለበት።

ከ15 ቮልት በላይ ካያችሁ ሥራውን አቁሙ። ቻርጅ የሚቆጣጠረው ክፍል ተበላሽቷል ማለት ነው፤ እሱ ሳይጠገን የምትገጥሙት ኤልኢዲ ሁሉ ይቃጠላል፤ ባትሪውም አይቀርም።

ደረጃ 2፦ ትክክለኛውን ሽቦ አግኙ

ፊት ለፊቱ ባልተሸፈነ ሞተር ላይ የፍሬቻ ሽቦዎች የሚገናኙት አብዛኛውን ጊዜ የፊት መብራቱ ጎድጓዳ ውስጥ ነው። መብራቱን የያዙትን ሁለት ወይም ሦስት ብሎኖች ፈትታችሁ ወደ ፊት ሳቡት፤ እንዳይንጠለጠል በጨርቅ አስደግፉት።

ሆንዳ ላይ የግራ ፍሬቻ ሽቦ ብርቱካናማ፣ የቀኙ ነጣ ያለ ሰማያዊ፣ ማሳው (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው ሽቦ) አረንጓዴ ነው። የሆንዳ ሲጂ 125ን ተከትለው የተሠሩ ብዙ የቻይና ሞተሮችም ይህንኑ ይዘዋል። ያማሃ ላይ ግራው ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ቀኙ ጠቆር ያለ አረንጓዴ፣ ማሳው ጥቁር ነው። አረንጓዴ አንዱ ላይ ማሳ ሆኖ ሌላው ላይ የቀኝ ፍሬቻ መሆኑን ልብ በሉ። ከዚህ በፊት የተጠገነ ሞተር ላይማ ቀለም ጭራሽ ዋስትና አይሆንም። ቀለሙ ከየት እንደምትጀምሩ ያሳያችኋል እንጂ ውሳኔው የልኬት ነው።

ለዚህ ሥራ ከቴስተር ይልቅ የሙከራ አምፖል ይሻላል። ብልጭ ድርግም በሚል ሽቦ ላይ የዲጂታል ቴስተር ቁጥር ስለሚዘል አይነበብም። ትርፍ ባለ 12 ቮልት 10 ዋት አምፖል ላይ ሁለት ሽቦ በይዱ፤ ሌላ ነገር አይፈልግም።

1. የሙከራ አምፖሉን አንድ ሽቦ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አገናኙ።
2. ቁልፉን ክፈቱና የግራ ፍሬቻን አብሩ።
3. ሌላውን ሽቦ በየማገናኛው ላይ አስነኩ። ከፍሬቻው ጋር እኩል ብልጭ የሚልበትን ሽቦ ስታገኙ በወረቀት ፕላስተር ላይ «ግራ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ።
4. ፍሬቻውን ወደ ቀኝ አዙሩ። አሁን ያ ሽቦ መሞት አለበት። በሁለቱም አቅጣጫ ብልጭ ካለ፣ የያዛችሁት ከፍላሸር ወደ ማብሪያው የሚሄደውን የጋራ ሽቦ ነው፤ ተዉት።
5. ለቀኙም ድገሙት።
6. ማሳውን ለማግኘት የአምፖሉን አንድ ጫፍ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ አዙሩ። ሌላው ጫፍ ሲነካው ሳይብለጨለጭ በሙሉ ብርሃን የሚያበራው ሽቦ ማሳ ነው። ይህን ስትሞክሩ ቁልፉ ዝግ ይሁን።

ጥንቃቄ፦ ከፊት መብራቱ ሽቦ ኤሌክትሪክ አትውሰዱ። በብዙ አነስተኛ ሞተሮች የፊት መብራት በቀጥታ ከጄነሬተሩ የሚመጣ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይጠቀማል፤ ቮልቴጁም ከነዳጁ ጋር ይወጣል ይወርዳል።

ደረጃ 3፦ ስሌቱን ተረዱት

አንድ ብርቱካናማ ኤልኢዲ 2.1 ቮልት ያህል ይወስዳል፤ ከ20 ሚሊ አምፔር በላይ ሊያልፍበት አይገባም። ሦስቱን በሲሪየስ፣ ማለትም አንዱን ከአንዱ ቀጥላችሁ ስታሰልፉ 6.3 ቮልት ይሆናሉ። የዳዮዱ 0.7 ሲጨመር 7 ቮልት። ሞተሩ ሲሠራ 14.4 ቮልት ስለሚመጣ ቀሪው 7.4 ቮልት ሬዚስተሩ ላይ ያርፋል። 7.4 ለ470 ሲካፈል 0.0157 አምፔር፣ ማለትም 16 ሚሊ አምፔር ገደማ ነው። በቂ ብርሃን ይሰጣል፤ ቮልቴጁ ትንሽ ቢጨምርም አይጎዳም።

በ12 ቮልት አስልቶ 270 ኦም ያስገባ ሰው ግን ሞተሩ ሲነሳ በኤልኢዲው ውስጥ 27 ሚሊ አምፔር ያሳልፋል። ቀስ በቀስ የሚፈዘው ፍሬቻ ይኸው ነው።

ለእያንዳንዱ ስፖኪዮ ሦስት ረድፍ አለ፤ በእያንዳንዱ ረድፍ ሦስት ኤልኢዲና አንድ ሬዚስተር። ሦስቱ ረድፎች እርስ በርስ በፓራለል፣ ማለትም ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ጋር ይያያዛሉ። ለዘጠኙም አንድ ሬዚስተር ብቻ አታድርጉ፤ አንዱ ረድፍ ሲቃጠል የሱ ድርሻ ወደቀሩት ይሄድና እነሱንም ተራ በተራ ይገድላቸዋል።

ደረጃ 4፦ ቤቱን ሥሩ

1. ከፕላስቲክ ቦዩ 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሁለት ቁራጭ ቁረጡ። የጎን ግድግዳዎቹን ወደ 10 ሚሊ ሜትር ከፍታ አሳጥሩ።
2. ወለሉ መሃል ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ። ከአንዱ ጫፍ 8 ሚሊ ሜትር ገብታችሁ ጀምሩ፤ በየ8 ሚሊ ሜትሩ 9 ነጥብ አድርጉ።
3. እንጨት ላይ አስደግፋችሁ መጀመሪያ በባለ 2፣ ከዚያ በባለ 5 ሚሊ ሜትር ብሱ። ትራፓኖውን ቀስ አድርጉት፤ ከፈጠነ ፕላስቲኩ ይቀልጥና ቀዳዳው ይበላሻል።
4. ኤልኢዲውን ከውስጥ በኩል አስገቡ። ግርጌው ላይ ያለው ጠርዝ ይይዘዋል። ጠበቅ ብሎ መግባት አለበት።

ቀዳዳው ከሰፋ ችግር የለውም፤ በኋላ ኢፖክሲው ይይዘዋል፤ ነገር ግን ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ቀጥ ብለው መቆማቸውን አረጋግጡ። የተጋደመ ኤልኢዲ ብርሃኑን ሌላ ቦታ ይጥላል።

ደረጃ 5፦ በይዱ

ከመበየዳችሁ በፊት እያንዳንዱን ኤልኢዲ በ9 ቮልት ባትሪና በአንድ 470 ኦም ሬዚስተር ፈትሹ። ያለ ሬዚስተር በቀጥታ ባትሪ ላይ አታስነኩ፤ ለቅጽበትም ቢሆን ያቃጥለዋል።

ረጅሙ እግር ፖዘቲቭ ነው። እግሮቹ ተቆርጠው ከሆነ ጠርዙን ተመልከቱ፤ ክቡ ጠርዝ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ የሆነበት ኔጌቲቭ ነው።

1. ከግራ ጀምሩ። የመጀመሪያውን ኤልኢዲ ኔጌቲቭ ወደ ሁለተኛው ፖዘቲቭ፣ የሁለተኛውን ኔጌቲቭ ወደ ሦስተኛው ፖዘቲቭ አጥፉና በይዱ። አንድ ረድፍ ሆነ።
2. ከአራት እስከ ስድስት፣ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ያሉትንም እንዲሁ አድርጉ። በሦስተኛውና በአራተኛው፣ በስድስተኛውና በሰባተኛው መካከል ያሉ እግሮች መነካካት የለባቸውም።
3. በየረድፉ መጀመሪያ ባለው ፖዘቲቭ እግር ላይ አንድ አንድ ሬዚስተር በይዱ። የሦስቱን ሬዚስተሮች ሌላ ጫፍ በአንድ ሽቦ አገናኙ።
4. ዳዮዱን እዚያ የጋራ ሽቦ ላይ በይዱ። ነጭ መስመር ያለበት ጫፉ ወደ ሬዚስተሮቹ ይዙር። መስመር የሌለው ጫፍ ላይ ፖዘቲቭ ሽቦውን በይዱ።
5. የየረድፉን የመጨረሻ ኔጌቲቭ እግር አንድ ላይ አገናኙና ማሳ ሽቦውን በይዱ።

መበየጃውን አንድ እግር ላይ ከሦስት ሰከንድ በላይ አታቆዩ። እግሩን በመበየጃውና በኤልኢዲው መካከል በፒንሳ ያዙ፤ ሙቀቱን ፒንሳው ይወስደዋል። ጥሩ ብየዳ ያብለጨልጫል፤ ስታኞው እግሩን ተከትሎ ወደ ላይ ይሾላል። እንደ ኳስ ድቡልቡል ብሎ ከተቀመጠ፣ ወይም ገጽታው ግራጫና ሻካራ ከሆነ አልያዘም፤ እንደገና አሙቁት፤ ትንሽ አዲስ ስታኞ ጨምሩ። በዓይን የተገናኘ የሚመስል፣ ሞተሩ ሲንዘር ግን የሚለያይ ግንኙነት የሚፈጠረው እዚህ ነው።

ደረጃ 6፦ ጠረጴዛ ላይ ፈትሹ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ፤ ኢፖክሲ ከፈሰሰ በኋላ መጠገን አይቻልም።

ከሞተሩ ባትሪ ጋር አገናኙ፤ ቴስተሩን ሚሊ አምፔር ላይ አድርጋችሁ በመስመሩ መሃል አስገቡት። 12.6 ቮልት ባለው ባትሪ 36 ሚሊ አምፔር አካባቢ ማየት አለባችሁ። 24 ካያችሁ አንዱ ረድፍ አልበራም። ከ60 በላይ ከሆነ ሬዚስተር ተሳስቷል ወይም አንድ ቦታ እግር ከእግር ተነካክቷል።

ሦስት ጎረቤት ኤልኢዲዎች አብረው ከጠፉ፣ ከመካከላቸው አንዱ ተገልብጧል ወይም ብየዳው አልያዘም። ጠርዙን ተመልከቱ፤ ከዚያ በየብየዳው ላይ በጥፍር ቀስ ብላችሁ ጫን ጫን አድርጉ። ሲነካ የሚበራ ከሆነ እንደገና በይዱ።

ደረጃ 7፦ ውሃ እንዳይገባ ዝጉ

1. ፊት ለፊቱን፣ የኤልኢዲዎቹን ራስ ጨምሮ፣ በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ፤ ኢፖክሲ በቀዳዳው እንዳያፈስ። የቦዩን ሁለት ጫፎችም ዝጉ።
2. ሁለቱን ሽቦዎች በአንዱ ጫፍ፣ ስፖኪዮው ሲቆም ታችኛው በሚሆነው በኩል አውጡ። ውስጥ ላይ አንድ ልል ቋጠሮ ቋጥሩ፤ ሽቦው ቢሳብ ብየዳው ሳይሆን ቋጠሮው ይይዘዋል።
3. ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ደልዳላ ቦታ ላይ አስቀምጡ። ኢፖክሲውን በእኩል መጠን ቀላቅሉ፤ አረፋ እንዳይፈጥር ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። እግሮቹና ሬዚስተሮቹ ሙሉ በሙሉ ይሸፈኑ።
4. ለ24 ሰዓት አትንኩት።

በኢፖክሲ ፋንታ ሲሊኮን የምትጠቀሙ ከሆነ አሽትቱት። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ስለሚለቅ መዳብና ብየዳ ይበላል። በሙቀት የሚቀልጥ የዱላ ሙጫም አይሆንም፤ ጥቁር ስፖኪዮ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ይለሰልስና መብራቱ ይንሸራተታል።

ደረጃ 8፦ ስፖኪዮው ላይ ለጥፉ

ብዙዎች ስፖኪዮውን ፈትተው ጠረጴዛ ላይ ይለጥፉበታል፤ ከዚያ ሲገጠም ብርሃኑ ሰማይ ያያል። ስፖኪዮ ለነጂው ዓይን ሲስተካከል ጀርባው ትንሽ ወደ ውጭና ወደ ላይ ይዞራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ስፖኪዮውን ሞተሩ ላይ እንዳለ፣ ተቀምጣችሁ፣ እንደምትነዱበት አስተካክሉ።
2. መብራቱን በ9 ቮልት ባትሪ አብሩና በእጃችሁ ጀርባው ላይ ያዙት። ሌላ ሰው 15 ሜትር ርቆ ፊት ለፊት ይቁም። ከሁሉም በላይ ደምቆ የሚታየውን አቀማመጥ ሲነግራችሁ በእርሳስ ዙሪያውን አስምሩ። በ9 ቮልት ስለሚፈዝ ይህን ማምሻ ላይ ወይም ጥላ ውስጥ ሥሩት።
3. የተሰመረውን ቦታና የመብራቱን ጀርባ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩ፤ በአልኮል ጥረጉ። ከዚያ በኋላ በጣት አትንኩ።
4. ኢፖክሲ ቀቡና ለጥፉ። የስፖኪዮው ጀርባ ጎባጣ ስለሆነ በጫፎቹ በኩል ክፍተት ይኖራል፤ በኢፖክሲ ሙሉት። በወረቀት ፕላስተር አስራችሁ አሳድሩ።

የሚወጣው ሽቦ ወደ ታች መመልከቱን አረጋግጡ። ነጂው ቦታ ላይ ተቀምጣችሁ የኤልኢዲዎቹ ራስ በቀጥታ የሚታያችሁ ከሆነ ማታ ዓይን ይወጋል፤ በዚያ ጠርዝ ላይ ቀጭን ጥቁር ፕላስቲክ አቁማችሁ ከልሉት።

ደረጃ 9፦ ሽቦውን አውርዱ

1. የሚኮማተረውን ቱቦ ዘንጉ ላይ ለማጥለቅ ስፖኪዮውን መፍታት ግድ ነው። ያማሃና የሱን ልማድ በተከተሉ ሞተሮች የቀኙ ስፖኪዮ ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሲፈታ በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል። አልፈታ ካለ አታስገድዱት፤ መጀመሪያ በሌላ አቅጣጫ ሞክሩ።
2. ሽቦዎቹን ዘንጉን ተከትላችሁ አስተኙ፤ ቱቦውን አልብሱና በሙቀት አኮማትሩ። ፕላስቲኩን በላይተር እንዳታቃጥሉ ፀጉር ማድረቂያ ቢኖር ይመረጣል፤ ካልደረሰበት ላይተሩን ከሩቅ እያንቀሳቀሳችሁ።
3. የስፖኪዮው ራስ በሚዞርበት መገጣጠሚያ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ልል ሽቦ ተዉ። ከዚያ ስፖኪዮውን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እስከ መጨረሻው አዙሩት። አንድ ቦታ ላይ እንኳ ሽቦው ከተወጠረ ልሉን ጨምሩ። የብዙ ሰው ፍሬቻ የሚሞተው በዚች ቦታ ነው።
4. ከዘንጉ ግርጌ 5 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብላችሁ ሶኬቱን ግጠሙ። ስፖኪዮው መጀመሪያ ይታሰራል፤ ሶኬቱ በኋላ ይገናኛል። ያለ ሶኬት ስፖኪዮውን ባዞራችሁት ቁጥር ሽቦው አብሮ ይጠማዘዛል።
5. ከሶኬቱ ወደ ፊት መብራቱ ጎድጓዳ ያለውን መንገድ ከነባሮቹ ሽቦዎች ጋር አድርጉ። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩ፤ ከነዳጅ መስጫው ገመድ ጋር ግን በፍጹም አትሰሩ።

መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙሩ። ሽቦው መወጠርም፣ በመሪው ማቆሚያ መሃል መቆንጠጥም የለበትም። ሲጨርሱ ሞተሩን አስነሱና እንደገና አዙሩ። መሪው ሲዞር የሞተሩ ድምፅ ከፍ ካለ፣ ማሰሪያችሁ የነዳጁን ገመድ ይዞታል። ሳትነዱ አሁኑኑ ፍቱት፤ ይህ መታጠፊያ ላይ ሰው የሚጥል ስህተት ነው።

ደረጃ 10፦ ከሞተሩ ጋር አገናኙ

1. ቁልፉን ዝጉ። ከባትሪው መጀመሪያ ኔጌቲቩን ፍቱ። ስትመልሱ እሱ መጨረሻ ይሁን።
2. «ግራ» ካላችሁት ሽቦ ላይ 1.5 ሴንቲ ሜትር ልባሱን ላጡ፤ መዳቡን አትቁረጡ። አጭር ሽቦ ጠምጥሙበትና በይዱ። ከዚያ የፊውዝ መያዣውን፣ ከፊውዙ በኋላ ወደ ስፖኪዮ የሚሄደውን ፖዘቲቭ አገናኙ። ፊውዙ ለመቀጠያው በቀረበ ቁጥር ይሻላል፤ የሞተሩ ዋና ፊውዝ ለናንተ ቀጭን ሽቦ በጣም ትልቅ ነው።
3. ለቀኙም ድገሙ።
4. የሁለቱንም ማሳ ጎድጓዳው ውስጥ ካገኛችሁት የማሳ ሽቦ ጋር አገናኙ። በስፖኪዮው ዘንግ ወይም በመሪው ብረት አትተማመኑ፤ ቀለም፣ ጎማና የመሪው ግሪስ መሃል ይገባሉ።
5. እያንዳንዱን መቀጠያ ሸፍኑ፤ ከብየዳው 2 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሽቦውን ከሌላ ሽቦ ጋር እሰሩ። ስታኞ የጠጣ ሽቦ የሚሰበረው ስታኞው ባለቀበት መስመር ላይ ስለሆነ እዚያ መንቀጥቀጥ የለበትም።

በጥርሱ ልባሱን ወግቶ የሚይዝ የፕላስቲክ መቀጠያ ፈጣን ነው፤ እኔ ግን አልመክረውም። ጥርሱ ጥቂት ክሮችን ይቆርጣል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ውሃው በዚያው ይገባና መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል።

ደረጃ 11፦ ፍተሻ

ባትሪውን መልሱ፤ የፊት መብራቱን ገና አትዝጉ። ግራ፣ ቀኝ፣ ሞተሩ ጠፍቶና ተነስቶ፣ ፍሬንና ክላክስ አብሮ ተይዞ ሞክሩ። አዲሱ መብራት ከፋብሪካው ጋር እኩል ብልጭ ማለት አለበት። ቀትር ላይ ሞተሩን ፀሐይ ውስጥ አቁማችሁ 20 ሜትር ርቃችሁ ተመልከቱ፤ ከዚያ በጀሪካን ውሃ ከላይ አፍስሱበትና እንደገና ሞክሩ። ይህ ሁሉ ሲያልፍ ብቻ ጎድጓዳውን ዝጉ።

ችግር ሲገጥም

*ግራ ሲበራ የቀኙ ስፖኪዮም ፈዘዝ ብሎ ብልጭ ይላል።* ብዙ አነስተኛ ሞተሮች ዳሽቦርድ ላይ ለሁለቱም አቅጣጫ አንድ ጠቋሚ አምፖል ብቻ አላቸው። ይህ አምፖል በግራና በቀኝ ሽቦ መካከል የተዘረጋ ነው፤ ግራ ሲበራ ማሳ የሚያገኘው በቀኙ የፋብሪካ አምፖሎች በኩል ነው። እነሱ ጤነኛ ከሆኑ ኤሌክትሪኩ በእነሱ አልፎ ይሄዳል፤ ኤልኢዲውን የሚያበራ ቮልቴጅ አይተርፍም። ሁለቱም ከተቃጠሉ፣ ወይም አንድ ሰው በኤልኢዲ ከቀየራቸው ግን መንገዱ በእናንተ መብራት በኩል ይሆናል። መፍትሔው የፋብሪካውን አምፖሎች መመለስ ነው። የግድ ሁሉም ኤልኢዲ ይሁን ካላችሁ ለኤልኢዲ የተሠራ ፍላሸር ግዙ፤ የጠቋሚውን አምፖል አንድ ጫፍ ወደ ማሳ አዙሩ፤ ሌላውን ጫፍ በሁለት 1ኤን4007 ዳዮድ ከግራና ከቀኝ ሽቦ ጋር አገናኙ፤ የሁለቱም ነጭ መስመር ወደ ጠቋሚው ይመልከት።

*ብልጭታው ከድሮው ፈጠነ።* የጨመራችሁት 47 ሚሊ አምፔር ገደማ ብቻ ስለሆነ ፍላሸሩ አይሰማውም። አንድ የፋብሪካ አምፖል ተቃጥሏል፣ ወይም ሥራ ላይ ሳላችሁ ማገናኛው ተነቅሏል። የፊቱን ሁለቱን መጀመሪያ ፈትሹ።

*ስፖኪዮው ላይ ያለው ሳይብለጨለጭ ዝም ብሎ ይበራል።* የያዛችሁት ከፍላሸር በፊት ያለ ሽቦ ነው። ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

*ምንም አይበራም፤ የፋብሪካው ግን ይሠራል።* ፊውዙን፣ ከዚያ ሶኬቱን፣ ከዚያ ማሳውን ተመልከቱ። ሶኬቱ ላይ በሙከራ አምፖል ብልጭታ ካለና መብራቱ ከሞተ፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ተገላብጠዋል። ዳዮዱ ስለጠበቃቸው ኤልኢዲዎቹ አልተጎዱም፤ አስተካክሏቸው።

*ፊውዝ ደጋግሞ ይቃጠላል።* ትልቅ ፊውዝ አታስገቡ። ሶኬቱን ነቅላችሁ አዲስ ባለ 1 አምፔር ሞክሩ። ካልተቃጠለ ጥፋቱ ከሶኬቱ በላይ፣ ብዙ ጊዜ ዘንጉ ላይ ልባሱ በተላጠበት ነው። ከተቃጠለ መሪው አካባቢ የተቆነጠጠ ሽቦ ፈልጉ።

*መንገድ ላይ ይቆራረጣል፤ ሲቆም ይሠራል።* ፍሬቻውን አብሩና ስፖኪዮውን በቀስታ አዙሩ፤ ከዚያ ሶኬቱን፣ ከዚያ መሪውን አንቀሳቅሱ። የትኛው ሲነካ እንደሚጠፋ ይታያል። መገጣጠሚያው ላይ ከሆነ ሽቦው ውስጡ ተበጥሷል፤ ልባሱ ደህና ቢመስልም ከመገጣጠሚያው በላይና በታች ቆርጣችሁ በአዲስና ረዘም ባለ ሽቦ ተኩት።

ከገጠማችሁ ከአንድ ሳምንት በኋላ የስፖኪዮውን ዳዶ እንደገና አጥብቁ፤ መብራቱ ክብደት ጨምሮበታል። ስታጥቡም የግፊት ውሃውን በቀጥታ ሶኬቱ ላይ አታድርጉ።